ጊኒ ፒግ ሆዷ ሲጮህ የትኛው ጤና ነው፣ የትኛው ያስሮጣል? (ደሴና ኮምቦልቻ)

ሆጤ_ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንስት ጊኒ ፒግ ናት፣ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ክብደቷ 940 ግራም። ማታ ማታ ሆዷ ከክፍሉ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ ኩርርር ይልና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ትበላለች፣ በጠጥም ትጥላለች፣ ግን በጠጧ ከወትሮው አነስ ያለ ይመስለኛል። ምግቧ ድርቆሽ፣ ጠዋት ፉርሽካ፣ ማታ ጥቅል ጎመንና ካሮት ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የታጨደ እርጥብ ሳርም ተጨምሯል፤ በማዳበሪያ ታስሮ ይመጣና ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ጎረቤት «ላም ስትነፋ ዘይት ትጠጣ የለ? ለእሷም ትንሽ አቅምሻት» ብለዋል። ለዶሮ የተገዛ ኦክሲ ዱቄትም ቤት ውስጥ አለ። ምን ላድርግ? ደሴ ነው ያለሁት።

የጦሳ_ሐኪም፦
አብሽሪ እህቴ። ከሁሉ በፊት ግን ዘይቱንም ኦክሲውንም መልሰሽ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ፤ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

የጊኒ ፒግ ሆድ በተፈጥሮው ዝም አይልም። ሳሩ የሚብላላው እንደ ላም ከጨጓራ በፊት ሳይሆን እንደ ፈረስና እንደ ጥንቸል በኋለኛው አንጀት፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። ያ ከረጢት ብቻውን ሆድ ዕቃዋ ውስጥ ካለው ምግብ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቀንና ሌሊት ሳር ያብላላሉ፣ ሲያብላሉ ጋዝ ይፈጠራል፣ አንጀቱ ሲጨማደድ ጋዝና ፈሳሹ አብረው እየተገፉ ይጮኻሉ። ከበላች በኋላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከጠጣች በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። አልፎ አልፎ አየር ብታወጣም ነውር የለውም፣ እንዲያውም ደግ ምልክት ነው። እየበላች፣ በጠጥ እየጣለች፣ ሆዷ ለስላሳ ሆኖ የሚጮኽ ከሆነ ያ የሚሠራ ሆድ ነው።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። አንዱ ጸጥታ ነው፤ ምግብ ያቆመች፣ ሆዷም ድምፅ የሌለው እንስሳ አንጀቷ ቆሟል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ሆዱ ተወጥሮ በጣት ሲመታ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ሲሰጥ ነው፤ ጋዙ ታስሯል፣ ወይም ጨጓራው ዞሯል። ጨጓራ የዞረባት ጊኒ ፒግ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

አሁን ወደ ዘይቱ። ላም ስታመሰኳ ታገሳለች፣ ጋዟም በአፏ ይወጣል። ለተነፋች ላም ዘይት የሚሰጠው የመጀመሪያው ጨጓራዋ ውስጥ የተፈጠረውን አረፋ እንዲሰብር ነው። ጊኒ ፒግ ያ ጨጓራ የላትም፣ አታመሰኳም፣ ማስመለስም አትችልም፤ ጋዟ የሚወጣበት መንገድ የኋላው ብቻ ነው። በግድ የተጋተ ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። በትሮካር (የተነፋ ከብት ሆድ በሚበሳበት መሣሪያ) ወይም በመርፌ ልውጋ የሚል ሰው ከመጣም በሩን ዝጉበት፤ የተበሳ ዕውር አንጀት ይዘቱን ሆድ ዕቃ ውስጥ ያፈሳል።

ኦክሲው ከዘይቱም ይብሳል። ጊኒ ፒግን የሚያኖራት አንጀቷ ውስጥ ያለው ደጉ ባክቴሪያ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን (ያ ኦክሲ የምትዪው)፣ ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ሊንኮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን ይህን ባክቴሪያ ይጨርሱና ክሎስትሪዲየም የሚባለው መርዛማ ዘር ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ተቅማጥ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞት። ለከብት የሚወጋው ፔን-ስትሬፕም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው። እንስሳት መድኃኒት ቤት ሄዶ «ለትንሽ እንስሳ ነው፣ ሆዷን አሟታል» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው ከእነዚህ አንዱን ነው፤ ስለዚህ «ጊኒ ፒግ ናት» ብላችሁ ጥሩ፣ የመድኃኒቱን ስምም አንብቡ። በእርግጥ የባክቴሪያ በሽታ ሲኖር ሐኪም የሚመርጠው ኤንሮፍሎክሳሲን ወይም ሰልፋ ከትራይሜቶፕሪም ጋር ነው። ተራ ጋዝ ግን በየትኛውም አንቲባዮቲክ አይድንም።

አሁን ሆዷን መርምሪና መልሽልኝ።

ጢጣ_04፦
ዶክተር የጠየቁትን ምርመራ እንዴት እንደምታደርጊው ልጻፍልሽ።

መዝኛት። ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን ይበቃል፤ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊው፣ ከዚያ እሷን። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቁርስ ሳትበላ። ከ20 እስከ 30 ግራም መውጣትና መውረድ የሽንትና የምግብ ጉዳይ ነው። 50 ግራም ከቀነሰች ተከታተያት፣ 100 ግራም ከደረሰ ሐኪም ዘንድ ነው። ክብደት ከዓይን ቀድሞ ይናገራል፤ ጊኒ ፒግ የሌላ እንስሳ አዳኝ ሳትሆን ታዳኝ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፣ ድርቆሽ እያኘከች የምትመስል ግን የማትውጥ አለች።

ሆዷን ዳስሺ። በፎጣ ላይ አስቀምጫት፣ አንድ እጅ ደረቷ ስር፣ የሌላውን እጅ ጣቶች ከመጨረሻው ጎድን ኋላ በሁለቱም ጎን በቀስታ። ጤነኛ ሆድ ላላ ያለ ሊጥ ዓይነት ነው፣ ጣት ይቀበላል። የተወጠረ ኳስ ከመሰለ፣ ወይ ስትነኪያት ከጮኸች፣ ከተኮማተረች፣ ጥርሷን ካፋጨች መጫኑን ተዪ። በመሃል ጣት ጠብ ጠብ አድርጊ፤ ባዶ ጀሪካን የመሰለ ድምፅ ጋዝ ነው።

ስቴቶስኮፕ ካለ (የደም ግፊት መለኪያ ይዘው ከሚመጡት ርካሾቹ ይበቃሉ) ግራና ቀኝ አንድ አንድ ደቂቃ አድምጪ። አልፎ አልፎ ለስለስ ያለ ኩርርታ ትፈልጊያለሽ። በሁለቱም ጎን ምንም ከሌለ፣ ወይም እንደ ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ቀጭን ድምፅ ከሆድ ውጥረት ጋር ከሰማሽ፣ ጥሩ አይደለም።

የልብስ ሰፊ ሜትር ካለሽ ሆዷ ሰፊ በሆነበት ቦታ ዙሪያውን ለኪና ጻፊው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሚ። «የተነፋች ትመስለኛለች» ከሚል ሐሜት ሁለት ቁጥር ይሻላል።

በጠጧን ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊና እዪ። ደህናው ሞላላ፣ ጥቁር ቡናማ፣ መጠኑ አንድ ዓይነት ነው። ትንንሽና ደረቅ ከሆነ አንጀቱ ቀዝቅዟል ወይም ውሃ አንሷታል። ጫፉ እንደ እንባ የሾለ፣ በፀጉር እንደ መቁጠሪያ የተያያዘ ከሆነም እንደዚያው። ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና ራሷ ከስሯ አንስታ የምትበላው በሽታ አይደለም፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት ነው፣ አትከልክያት። ውሃማ ተቅማጥ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ።

ሰኞ_ገበያ፦
ሰላም አለይኩም። ጥፋቱ ማዳበሪያው ውስጥ ነው። የታጨደ እርጥብ ሳር በላስቲክ ማዳበሪያ ታስሮ ሲከርም ይሞቃል፤ እጅሽን መሃሉ ብትከቺ ሙቀቱ ይሰማሻል። ያ ሙቀት መፍላት ነው። የሚፈላው ሳር ሆዷ ውስጥ ገብቶ መፍላቱን ይቀጥላል። በማሽን የተከረከመ የግቢ ሳር ደግሞ የባሰ ነው፤ ደቃቅ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ ይፈላል።

ጤዛ ያለበት ሳር ሆድ ይነፋል የሚባለው ለጊኒ ፒግ ብዙ አያሳስብም። ማለዳ ያጨድሽውን ወዲያው በስሱ ዘርግተሽ ብትሰጫት፣ ለምዳው ከሆነ፣ ችግር የለውም። ችግሩ ድንገተኛነቱና ክምሩ ነው። በጋውን ሙሉ ድርቆሽ የለመደ አንጀት ሐምሌ ሲገባ አንድ ክንድ ለምለም ሳር ሲመጣበት ባክቴሪያው አልተዘጋጀም። ከአንድ ጭብጥ ተነሥተሽ በ7 እስከ 10 ቀን አሳድጊው፤ ድርቆሹ ግን አይቋረጥ።

ማገጥ የበዛበት ሳርም አለ፤ ክረምት ላይ በረግረጉ ዳር የሚወጣው ሦስት ቅጠሉ። ትንሽ ይበላል፣ ሙሉ እራት ግን አይሁን። አልፋልፋም እንዲሁ፦ ለግልገል፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ጥሩ ነው፤ ላደገች ግን ካልሲየሙ በዝቶ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይሠራል።

ፉርሽካውን ከአንድ ሾርባ ማንኪያ አታሳልፊ፤ ብትተዪውም አትሞትም። ፉርሽካ ደቃቅ ስለሆነ ጥርስም አያስፈጭ፣ አንጀትም አይገፋ። ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ረጅም ሳር መሆን አለበት። ሮደስ፣ ደሾ፣ የሜዳ ሳር ድርቆሽ፣ የበቆሎ ቅጠል (የተምች መድኃኒት ያልተረጨበት መሆኑ ተጠይቆ) ሁሉም ይሆናል። የጤፍ ጭድ ለመኝታ ግሩም ነው፤ ለሆዷ ብቻውን አይበቃም፣ ጉልበት የለውም።

ከሰፈራችን እንስሳት ገበታ ለእሷ የማይሆኑት፦ አተላ፣ ከኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ለወተት ላም የሚመጣው እርጥብ የገብስ ተረፈ ምርት፣ ፋጉሎ፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ገራባም (የጫት ትርፍራፊ) አይሆንም! ፍየል ስትበላው አይታችሁ ለጊኒ ፒግ የምትሰጡ አላችሁ። ጫት የሰውን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ምግብ ካቋረጠች አንጀቷ ለሚቆም እንስሳ ደግሞ የሚያስፈልጋት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ከፀረ ተባይ የጸዳ መሆኑንም ማንም አያውቅም።

አራዳ_ቁልቁለት፦
እንጀራ እንኳ አይሆንም? የእኛዎቹ ሲያዩት ይጮኻሉ እኮ 😅

ሰኞ_ገበያ፦
@አራዳ_ቁልቁለት ሲያዩት የሚጮኹት ለላስቲክ ኮሽታም ነው፤ ላስቲክ ግን አታበላቸውም። እንጀራ እርሾና ስታርች ነው፤ ስታርቹ ዕውር አንጀት ሲደርስ ፈጥኖ ይፈላል። ቁራሽ ቢያመልጥህ አትደንግጥ፤ የየቀን ጉርሻ ግን አታድርገው።

ኮምቦልቻ_ቆላው፦
ጥቅል ጎመን ላይ ግን ሁሉም ሰው ይደነፋል። እኔ እስከማውቀው ጎመን ጋዝ ያመጣል የሚለው ከሰው ሆድ የተወሰደ ነው። ሰው ጎመን ሲበላ የሚቸገረው ሌላ ጊዜ የማያገኘው ቃጫ አንጀቱ ውስጥ ስለሚፈላ ነው። ጊኒ ፒግ ከጠዋት እስከ ማታ የምታፈላ ናት፤ ቀስ በቀስ የለመደች ብዙም አትቸገርም። የሐበሻ ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ሲ ስላለው ጥሩ ነው።

የጦሳ_ሐኪም፦
@ኮምቦልቻ_ቆላው ግማሹ ልክ ነው። የለመደች፣ ድርቆሿን ጠግባ የምትበላ፣ ሁለት ቅጠል የሐበሻ ጎመን ብትጨምር አትነፋም። ግን ጥቅል ጎመን ውሃና ስኳር ይበዛዋል፣ ቃጫው ትንሽ ነው፤ አንድ ሙሉ ሳህን ስትበላ የድርቆሹን ቦታ ይይዛል። ዋናው ጉዳት እሱ ነው፤ ለአንጀት መንቀሳቀስ ረጅሙ ቃጫ ያስፈልጋል። አሁን ሆዷ እያጉረመረመ ላለች ግን ለሁለት ሦስት ቀን ከጎመን ዘር ሁሉ ማረፉ ይሻላል። በዚህ የምንጣላ አይመስለኝም።

ኮምቦልቻ_ቆላው፦
በዚህ አንጣላም። የሐበሻ ጎመኑን ግን ከጥቅል ጎመን ጋር አንድ ሸክም አታድርጉት ነው የምለው።

ሆጤ_ማዶ፦
እሺ፣ ሁሉንም አደረግሁ። 938 ግራም። ሆዷ ለስላሳ ነው፣ በስተግራ በኩል ትንሽ ሞላ ያለ። ስትነካ አልጮኸችም። ዙሪያው 31 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም 31። በጠጧ ሞላላ ነው፣ ግማሹ ትንንሽ። ድርቆሽ ትበላለች፣ የሳሩን ማዳበሪያ ስትሰማ ትጮኻለች። ማዳበሪያውን ከፍቼ እጄን አስገብቼ ነበር፣ ይሞቃል።

የጦሳ_ሐኪም፦
መልካም፤ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ።

የሞቀውን ሳር ጣይው፤ ለበግም አይሰጥ። ፉርሽካ፣ ጎመን፣ ካሮት ለሁለት ሦስት ቀን ይቅር። ጥሩ ድርቆሽ ሁለት ቦታ ላይ ክምር አድርጊላት፣ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። የ1 ኪሎ ጊኒ ፒግ በቀን 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ትፈልጋለች፤ እርጥብ ቅጠሉ ሲቀር ደግሞ ከጠርሙሱ የምትጠጣው ይጨምራል። ቧንቧው ሲጠፋ የሚቀመጠውን የጀሪካን ውሃ የሰው ብቻ አታድርጉት፤ የደረቀ አንጀት አይገፋም። የጠርሙሱን ጫፍ በጣት ነክተሽ ኳሷ አለመጣበቋን አረጋግጪ።

ወለል ላይ ልቀቂያት፤ መንቀሳቀስ ጋዝ ያስወጣል። ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ይኑራት። የደሴ ሌሊት በክረምት ይበርዳል፣ የበረደው እንስሳ አንጀቱ ይቀዘቅዛል። ምቹው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ሆዷ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ማሸት ይቻላል፦ ከጎድኗ ወደ ኋላ እግሯ፣ በመዳፍ፣ ሳይጫኑ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ። ከተወጠረ ማሸት የለም።

የሕፃናት የሆድ ጋዝ ጠብታ ሲሜቲኮን በሰው መድኃኒት ቤት አለ። ለእሷ መጠን በተለምዶ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ጠርሙሶቹ መጠናቸው ይለያያል፤ አንዱ በ1 ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ከሆነ ግማሽ ሚሊ ነው፣ ሌላው ሲለይ አስልተሽ ነው። ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለውን አትግዢ፣ ማጣፈጫው ምን እንደሆነም አንብቢ። ብዙ አትጠብቂበት፤ ትንንሽ አረፋ ያያይዛል እንጂ የቆመ አንጀት አያስነሣም።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው። 12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላች፤ በጠጥ ካቆመች፤ ሆዱ ከተወጠረ ወይም ዙሪያው በሰዓታት ውስጥ ከጨመረ፤ ተቀምጣ ፀጉሯን አቁማ ዓይኗን ካጠበበች፤ ጆሮዋና እግሯ ከቀዘቀዘ፤ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች። የሙቀቷ ጤናማ መጠን ከ37.2 እስከ 39.5 ነው፤ ከ37 በታች ከወረደች ጊዜ የለም።

አራዳ_ቁልቁለት፦
ፌጦ በጥብጦ መስጠትስ? ወይም ስፕራይት? ነጭ ሽንኩርትም ለሆድ ይላሉ።

የጦሳ_ሐኪም፦
@አራዳ_ቁልቁለት ሦስቱም አይሆኑም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳሉ። ፌጦ አፏንና ጨጓራዋን ያቃጥላል። ለስላሳ መጠጥ እኮ ጋዝ ነው ወንድሜ፤ እሱ ላይ ስኳር። አንተ ስፕራይት ጠጥተህ ታገሳለህ፣ እሷ የት ታድርሰው?

ጢጣ_04፦
ካልበላች በሲሪንጅ ማብላት ሲባል ሰው የሚሳሳትበትን ልጨምር፣ ዶክተር ካጎደልኩ ያርሙኛል። ሆዷ እንደ ከበሮ ከተወጠረ አይበላም፤ በተዘጋ ላይ መጨመር ነው። ውጥረት ከሌለና ምግብ ብቻ ካቆመች ነው።

ድርቆሹን በቡና መፍጫ (ቡና ያልተፈጨበት ቢሆን ይመረጣል) አድቅቀሽ በወንፊት ነፊው። አንድ ሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ሩብ ሰዓት ይራስ፤ ሲወፍር ውሃ ይጨመር። መርፌ የሌለው የ1 ሚሊ ሲሪንጅ ጫፉ በቃጫ ስለሚደፈን ጫፉን ቆርጠሽ በእሳት ሳይሆን በጥፍር ሞረድ አለስልሺው፣ ስለት ከቀረ ከንፈሯን ይቆርጣል። ቀጥ ብላ በአራት እግሯ ትቀመጥ፣ በጀርባ አትተኛ። ከጎን በኩል ከፊት ጥርሷ ኋላ አስገቢ፣ ግማሽ ሚሊ ስጪ፣ ታኝክ፣ ትዋጥ፣ ከዚያ ሌላ። ለ1 ኪሎ በቀን ከ50 እስከ 80 ሚሊ፣ በአምስት ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ። ሌሊት አንዱ እንዳይዘለል፤ ወፍራም ጊኒ ፒግ ምግብ ስታቆም ጉበቷ በስብ ይሞላል፣ ከዚያ ሆዷ ቢድን እንኳ ጉበቷ ይገድላታል።

የጦሳ_ሐኪም፦
@ጢጣ_04 ምንም አልጎደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ማብላቱ ጊዜ መግዣ ነው፣ ሕክምና አይደለም። ምግብ ያስቆማት ነገር መፈለግ አለበት። በጊኒ ፒግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መንጋጋዋ ላይ ነው። ሁሉም ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ ረጅም ሳር ካልፈጨችበት የታችኞቹ መንጋጋዎች ወደ ውስጥ አጋድለው ምላሷ ላይ ድልድይ ይሠራሉ። አገጯ ከራሰ፣ ምግብ አንስታ ከጣለች፣ ለስላሳውን ብቻ ከመረጠች ጥርስ አስቡ። የፊት ጥርሷ ደህና መሆኑ ስለ ኋላው ምንም አይነግርም።

ሁለተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። እንደ እኛው ራሷ አትሠራውም። ድርቆሽና ፉርሽካ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ካላገኘች መገጣጠሚያዋ ያማታል፣ አትንቀሳቀስም፣ አትበላም፣ ተቅማጥም ይጀምራታል፤ ሰው ግን ሆዷን ብቻ ሲያክም ይሰነብታል። በየቀኑ በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ ከአንድ ፍሬ ሩቡ ይበቃል፤ ዘይቱን የሚባለው ፍራፍሬ (ጓቫ) ከቃሪያውም ይበልጣል፣ ስኳር ስላለው ግን ቁራጭ ብቻ። የ100 ሚሊ ግራም ኪኒን ከሆነ ሩቡን አድቅቆ በጥቂት ውሃ በአፏ። መጠጫ ውሃ ውስጥ አትበጥብጡት፤ ብርሃን ያበላሸዋል፣ ጣዕሙም ውሃውን ያስተዋታል።

ሆጤ_ማዶ፣ ጎመኑን ስላስቆምንሽ ይህን ከነገ ጀምሮ አትርሺ።

ገራዶ_ጥንቸል፦
ይህ ሁሉ ለጥንቸልም ይሠራል?

የጦሳ_ሐኪም፦
@ገራዶ_ጥንቸል አብዛኛው አዎ። ጥንቸልም አታስመልስም፤ በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ሊንኮማይሲን ይገድላታል። የሚለየው ቫይታሚን ሲን ራሷ መሥራቷ ነው።

ጢጣ_04፦
ጋዝ እየተባለ የሚታለፉ ሌሎች ሆዶችም አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ በሆናቸው እንስቶች የእንቁላል እጢ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይወጣል፤ ሆዷ በሁለቱም ጎን ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ጎኗ ላይ ያለው ፀጉር ግራና ቀኝ እኩል ይሳሳል። ጋዝ በሰዓታት ይለዋወጣል፣ ይህ በሳምንታት ነው የሚያድገው። ከወንድ ጋር የነበረች ከሆነ ደግሞ እርግዝና፤ ከ59 እስከ 72 ቀን ትሸከማለች፣ ወደ መጨረሻው ግልገሎቹ ሲንቀሳቀሱ በመዳፍ ይሰማል። እርጉዝን ማሸት የለም። ስትሸና የምትጮኽና ሽንቷ ደም የቀላቀለ ከሆነ ጠጠር ነው። ያረጀ ወንድ ላይ መቀመጫው ኋላ ያለው ከረጢት ለስላሳ በጠጥ ይቋጠርበታል፣ ይሸታል፤ በዘይት በረጠበ ጥጥ ቀስ ተደርጎ ይጸዳል። ዘይት የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ እዚያ ነው።

ድምፁም ሁልጊዜ ከሆድ አይደለም። ወንዱ ዳሌውን እየወዘወዘ በዝግታ ሲራመድ የሚያወጣው ጉርርርታ የደረቱና የጉሮሮው ነው፤ ሌላውን ጊኒ ፒግ ማስፈራሪያ ወይም ማባበያ። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር የሚመጣ ጠቅ ጠቅታ ደግሞ ሳንባ ነው፤ ያኔ ስለ ሆድ ማውራት ይቅርና ሐኪም ይፈለግ።

ኮምቦልቻ_ቆላው፦
ድርቆሽ ለሚገዙ። ጥሩው አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሲታጠፍ የሚሰበር፣ ሲያሸቱት የሻይ ቅጠል ዓይነት ጠረን ያለው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ የታጨደው ይሻላል። ሲነቀነቅ ግራጫ ወይም ጥቁር አቧራ የሚወጣው ሻግቷል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም አይድንም፣ መርዙ ውስጡ ነው። ቢጫ ሆኖ ግንዱ ብቻ የቀረው ደግሞ ካበበ በኋላ ዘግይቶ የታጨደ ነው፤ ጥርስ ያስፈጫል እንጂ አያጠግብም፣ ከተሻለው ጋር ቀላቅሉት።

ራሳችሁ የምታደርቁ ከሆነ ኮምቦልቻ በፀሐያማ ሳምንት በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። ደሴ ላይ ጉሙ ጠዋት ጠዋት መልሶ ያረጥበዋል፤ ማታ ማታ ከውስጥ ይግባ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ በስሱ ይዘርጋ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይገልበጥ። ማስቀመጫው አየር የሚያስገባ የጆንያ ከረጢት እንጂ ላስቲክ ማዳበሪያ አይሁን። ከታሰረ በኋላ በሳምንቱ እጅ ከቶ መፈተሽ ነው፤ ከሞቀ ፈትታችሁ ዘርጉት።

ሰጋቱራ የምታነጥፉላቸው ደቃቁን ተዉት፤ አቧራው ሳንባ ይገባል። ከድርቆሹ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላም አንጀት ያደርቃል።

ሰኞ_ገበያ፦
በጠጥ ለምርመራ ማስወሰድ የሚፈልግ ካለ፣ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ፣ ደሴ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል። የዚህን እንስሳ ናሙና ይቀበሉ እንደሆነ ቀድሞ መደወል ነው። ተቅማጥ የያዛቸው ግልገሎች ላይ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ መፈለግ ይገባል። ትኩስ በጠጥ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ከርሞ እንዳይደርቅ በዚያው ቀን ይድረስ።

ኮምቦልቻ_ቆላው፦
አንድ ጥያቄ ለዶክተር። ከኮምቦልቻ የተነፋች ጊኒ ፒግ ይዞ ደሴ የሚወጣ ሰው፣ ዳገቱ ራሱ ሆዷን አይጨምርባትም? የታሸገ ብስኩት እንኳ ሐረጎ ላይ ሲደርስ ይነፋል።

የጦሳ_ሐኪም፦
ይጨምራል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ የታሰረ ጋዝ 8 በመቶ ያህል ይሰፋል። ላላ ላለ ሆድ ምንም አይደለም። እንደ ከበሮ ለተወጠረ ግን መተንፈሻዋን የሚያጠብባት ጥቂቷ ነገር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ኮምቦልቻ ጋዙን በቱቦ ሊያቃልልላት የሚችል ሐኪም ካለ እሱን አስቀድሙ። ከሌለ ውጡ፣ መዘግየቱ ከዳገቱ ይብሳል።

ሣጥኑ ጠባብና ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን፣ ፎጣ ይነጠፍ፣ ድርቆሽ ይኑር። ደረቷ ከፍ እንዲል ከፊት በኩል ፎጣውን አጥፉት። ብቻዋን የምትደነግጥ ከሆነ ጓደኛዋም አብራ ትሂድ። ባጃጅ ሳይሆን ሚኒባስ ወይም የቤት መኪና፣ የፊት ወንበር፤ ጉድጓዱ ለተወጠረ ሆድ ከባድ ነው። መጨረሻ የበላችበትን ሰዓት፣ የዙሪያዋን ልኬትና የሰጣችኋትን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ራጅ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሆጤ_ማዶ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሳሩን ጣልኩት፣ ድርቆሹ ላይ ናት። ቃሪያውን ከነፍሬው ነው የምሰጣት ወይስ ፍሬው ይውጣ?

ጢጣ_04፦
ፍሬውና እንጨቱ ይውጣ። ሥጋው ብቻ፣ ታጥቦ።